አራት መተንፈሻ፣ አራት ክዳን

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። የአዲሱ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ብርቱካን ነበሩ። «ጋሽ ታደለ፣ ለአዳራሹ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ልንመርጥ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ብለውኛል። እባክዎ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡልን» አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ጠንቃቃ ይሉኛል። በሽኝቴም ዕለት «ጠንቃቃው ታደለ» እያሉ ሲያሞግሱኝ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ፈሪ ነኝ። ምድጃ እፈራለሁ። የተዘጋ ቤት እፈራለሁ። ጠዋት ላይ «ራሴን አመመኝ» የሚል ሠራተኛ ከሰማሁ ሮጬ መስኮት እከፍታለሁ። ይህን ፍርሃት ይዤው አልተወለድኩም፤ ሥራ ላይ ነው ያገኘሁት። ከሃያ ዓመት በፊት ይርጋ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ እኔ በእጄ በሠራሁት ነገር ምክንያት ሞተ። ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን በሕይወት የለም።

ሥራ የጀመርኩት ሐሙሲት፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። የሞተሩን ቺንጋ መቀየር፣ ድንጋዩን መውቀር፣ ዱቄት የለበሰ ጣራ መጥረግ ነበር ሥራዬ። ከዚያ አንበሳሜ ሄጄ የትምህርት ቤት ጣራ ስመታ ሁለት ዓመት ቆየሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ምስማር ቆጥሮ የሚሰጥ፣ የተጣመመውንም አቅንታችሁ መልሱ የሚል ሰው ነበር። ያኔ እንረግመው ነበር፤ ቆርቆሮ በወጉ መቁረጥ የለመድኩት ግን ከእሱ ዘንድ ነው። በመጨረሻ ደብረ ታቦር መጥቼ የቤት ዕቃ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ በጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሰን ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የጥገናው ክፍል ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ ይባሉ ነበር። የገበያው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከአባታቸው ጀምሮ ቆርቆሮ ሠራተኞች ናቸው። ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው። የሆነ ክፍል በረደ ወይም ሞቀ ሲባል መፍቻም መቀስም አይዙም። መጀመሪያ ሄደው የሠራተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰውየው የሚላግ ከሆነ መላጊያውን ተቀብለው ይልጋሉ፣ የሚወለውል ከሆነ ጨርቁን ተቀብለው ይወለውላሉ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ጫፉ ላይ የጥጥ ፈትል የታሰረበት አጭር ሸምበቆ ያወጡና ግድግዳ ግድግዳውን ይዞራሉ። ፈትሉ ወዴት እንደሚያዘነብል እያዩ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያውቃሉ።

«ታደለ፣ አየር አይታይም» ይሉኝ ነበር። «የማይታይ ነገር ላይ ግምት አትሥራ። ፈትሉን ጠይቀው።»

የድርጅቱ አዳራሽ ትልቅ ነበር፤ ስልሳ ሰው ይሠራበታል። ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ መሰንጠቂያ ማሽኑ ዘንድ የሚቆመው ሰው ጣቶቹ አይታዘዙትም። ቀትር ላይ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ግሎ አናት ያፈላል። ጋሽ እንድሪስ ለሁለቱም መላ አበጁ። ከበርሜል ሰጋቱራ የሚበላ ምድጃ ሠሩ፤ ጭስ ማውጫውን በጣራው አሳልፈው ረጅም አደረጉት። ከዚያ ከግድግዳው ሥር አራት መተንፈሻ፣ ከጣራው ጫፍ ሥር ደግሞ ሌላ አራት ቀደዱ። ጠዋት ምድጃው ያሞቃል፤ ቀትር ላይ ትኩሱ አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ሁለት ዓመት ያለ ምንም እንከን ሠራ።

ከሠራተኛው ጋር ያልተስማሙት የታችኞቹ መተንፈሻዎች ብቻ ነበሩ። የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ከሐሙሲት በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሃያ ሰው ታጭቆ ላብ በላብ ቢሆን እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው ወዮለት። «ኧረ ዝጋው! ነፋስ ታስመታናለህ!» ይባላል። እኔም ከሚጮኹት አንዱ ነበርኩ። ወገቤን ውጋት ሲይዘኝ ምክንያቱ ሁልጊዜ ነፋስ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር ሄዱና ኃላፊነቱ ለጊዜው ለእኔ ተሰጠ። በሳምንቱ ሠራተኞቹ መጡ። ፊት ሆኖ የተናገረው ይርጋ ነበር። ይርጋ ቫርኒሽ ቀቢ ነው፤ ሳቂታ፣ ሰው ሲያኮርፍ ካላስታረቀ ምሳ የማይበላ ዓይነት ሰው። የሥራ ቦታው ከምድጃው አጠገብ ነው፤ ቫርኒሹ በብርድ አይደርቅለትምና።

«ጋሽ ታደለ ሞት ይርሳህ፣ ያንን ቀዳዳ አንድ በለው» አለኝ። «ነፋሱ ጀርባየን ይዞኛል። ፊቴ እየተጠበሰ ኋላየ ይበርዳል። ማዳበሪያ ብንወትፍበት ደግሞ ይወድቃል።»

ከጋሽ እንድሪስ የተማርኩትን ላድርግ ብዬ ሄጄ እሱ ቦታ ተቀመጥኩ። እውነትም ነፋሱ ወገቤን ወጋኝ። ፈትሉን ግን አልያዝኩም። የተቀመጥኩት እንደ ጋሽ እንድሪስ ለማወቅ ሳይሆን እንደ ይርጋ ለማማረር ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አራት የቆርቆሮ ክዳን ቆረጥኩ፤ ጠርዛቸውን አጥፌ ለእያንዳንዱ አራት አራት ምስማር መታሁ። ግጥም አሉ። እንዲያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሠራተኛው መረቀኝ፤ ይርጋም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አሁን ገና ሰው ሆንን!» አለ።

ለአሥር ቀን ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ አንዳንዱ ሰው ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው ጀመር። የገና ጾም ነው፤ አብዛኛው ሠራተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ስለዚህ ሁሉም «ጾሙ ነው» አለ። እኔንም ያመኝ ነበር፤ እኔም «ጾሙ ነው» አልኩ። ለካ ያን ሰሞን የገባው ሰጋቱራ እርጥብ ነበርና ጭስ ማውጫው በጥላሸት ከውስጥ እየጠበበ ነበር። መተንፈሻዎቹ ተከፍተው ቢሆን ኖሮ ምድጃው በደንብ ይስብ፣ ሰዉም ንጹሕ አየር ያገኝ ነበር።

ያን ቀን ብርዱ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የባሰ ነበር። በሩንም ዘግተን እንሠራለን። አራት ሰዓት ግድም ሁለት ሰዎች እየተደነቃቀፉ ወጥተው ደጅ አስመለሱ። ሰዉ እነሱን ሲከብ እኔም ወጣሁ። ይርጋ አልወጣም። ተመልሼ ስገባ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ ነው። ያሸለበ መሰለኝ። «ይርጋ፣ በሥራ ሰዓት!» ብዬ ቀለድኩበት። ትከሻውን ስነካው ወደ ጎን ዘነበለ። ከንፈሩ የጤነኛ ሰው ከንፈር ያህል ቀላ ብሎ ነበር፤ እስካሁን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ተሸክመን አወጣነው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ግን አልቆ ነበር።

ዓይኔ ወደ ክዳኔ የሄደው ገና እሱን ስናነሳው ነው። ከጀርባው፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ አራት ምስማሮቹ እያብረቀረቁ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የምድጃው መርዘኛ አየር መውጫ አጥቷል። ሰዉ እሱን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ክዳኖቹን በምስማር መንቀያ እየፈነቀልኩ ነቀልኳቸው፤ አጣጥፌ ከቁርጥራጩ ቆርቆሮ ክምር ሥር ሸጎጥኳቸው። በሩን እያየሁ፣ እንደ ሌባ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ወሬው አልቋል። ብርድ መታው፤ ከዚያ ነፋስ ከሚገባበት ቀዳዳ ሥር ሲቀመጥ ከርሞ ልቡን ያዘው፤ አለቀ። ክዳኑን ስመታ የመረቁኝ ሰዎች እንኳ ከሞቱ ጋር አላያያዙትም። ሚስቱ ጥሩወርቅ የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ «ነፋስ በላብኝ፣ ነፋስ ነጠቀኝ» እያለች ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «አይደለም» ማለት አንድ ቃል ነው። እስር ቤት ታየኝ፤ የይርጋ ወንድሞች ታዩኝ፤ የራሴ ልጆች ታዩኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ጋሽ እንድሪስ ከባሕር ዳር ሲመለሱ አንድ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። በአንዱ ዓይናቸው፣ በፈትላቸው፣ ግድግዳውን ዞሩ። ከመጀመሪያው መተንፈሻ አጠገብ ቆመው በጣታቸው ዳሰሱት። ዙሪያውን አራት የምስማር ቀዳዳ አለ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ አራት። ሦስተኛውን አላዩትም።

«ማን መታው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አላህ ይይልህ። እኔም ስሄድ ለምን እንደቀደድኩት አልነገርኳችሁም፤ የእኔም እጅ አለበት» አሉ። ከዚያ ቀጥለው «ለሚስቱ ንገራት። ሰዎቹ የማይፈራውን እየፈሩ፣ የሚፈራውን ቤታቸው ሊያስገቡ ነው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። በየዓመቱ ይርጋ የሞተበት ወር ሲደርስ ያዩኛል፤ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ሕመማቸው ጠንቶ ልጠይቃቸው በሄድኩበትም ቀን ፈትሉን ከነሸምበቆው ሲሰጡኝ ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ በዚያ ፍርሃት የተሠራ ነው። ጭስ ማውጫ በየሳምንቱ ካልጠረግኩ አልተኛም። አለቆች ተፈራረቁ፤ አንዱ ጠንቃቃ መሆኔን ሲያደንቅ ሌላው ነዝናዛ ነህ ይለኝ ነበር። ኋላ ድርጅቱ ተዘጋ፤ እኔ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሬ ጡረታዬን ከዚያ ወጣሁ።

ወይዘሮ ብርቱካን ወደ ጠሩኝ ስብሰባ የሄድኩት ፈትሌን ኪሴ ከትቼ ነው። አዲሱ አዳራሽ ከድሮው እጥፍ ይሆናል። ኢንጂነር ሳምሶን የሚባል ጨዋ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየን፤ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀሉ ስምንት ኤሲዎች፣ ጠዋት የሚያሞቁ፣ ቀትር ላይ የሚያቀዘቅዙ። ሙቀቱ እንዳይባክን አዳራሹ ግጥም ተደርጎ ይዘጋል። «ግጥም» የሚለውን ቃል ስሰማ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፈትል ጨበጥኩት።

«ሰጋቱራውስ? ማጣሪያቸውን አይደፍነውም?» አልኩ።

«በየሳምንቱ ይጸዳል ጋሼ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለ።»

«ጄኔሬተሩ መሰንጠቂያዎቹንም ኤሲዎቹንም አንድ ላይ ይሸከማል?»

ልጁ ሐቀኛ ነው፤ አስልቶ «አይሸከምም» አለ። «እንግዲያው» አልኩ፣ «ታኅሣሥ ጠዋት መብራት ጠፍቶ፣ ጣቱ ደርቆ፣ ግጥም ብሎ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?»

ወይዘሮ ብርቱካን ቀስ ብለው «ከሰል ያስገባል» አሉ።

ማሽን ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ሻጩም ይነግራችኋል። እኔ የምመርጠው ሲቆም ሰዉ ምን እንደሚያደርግ አይቼ ነው። ይህን ለኮሚቴው ተናገርኩ፤ ከየት እንደተማርኩት ግን አልተናገርኩም። ከሳምሶን ጋር ሁለት ሳምንት ተቀምጠን ሌላ ነገር ሠራን። እሳቱ ከግድግዳው ውጭ፣ ባለ ሁለት ንብርብር በርሜል ውስጥ ይነድዳል፤ የደጅ አየር በጋለው በርሜል ዙሪያ አልፎ በቆርቆሮ ቱቦ ሞቆ ይገባል፤ ጭሱ በሌላ መንገድ ይወጣል። መብራት አይፈልግም። ለቀትሩ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና ከፍ ያሉ መውጫዎች አደረግን። ከታች ደግሞ መተንፈሻዎች፤ በርሜሉ አንድ ቀን ቢሰነጠቅና ጭስ ቢሾልክ የሰዉ ነፍስ የተንጠለጠለችው በእነሱ ላይ ነው። ምስማር እንዳይመታባቸው ዙሪያቸውን በጥርብ ድንጋይ አስገነባሁ። ሳምሶን «ጋሼ፣ ድንጋይ ለምን?» ሲለኝ «ለጥንካሬ» አልኩት። አሁንም ዋሸሁ።

የሠራተኛ ድልድሉ ሲነበብ የቫርኒሽ ክፍሏ ኃላፊ የሺ ይርጋ ተባለች። «ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። «አባቷም በዚሁ ሙያ ነበሩ አሉ፤ ብርድ መትቷቸው ነው የሞቱት።» ቃለ ጉባኤው ላይ ስፈርም ፊርማዬ የእኔ አልመስል አለ።

ሥራ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። አዳራሹ ለብ ብሏል፤ ሰዉ ደስ ብሎት ይሠራል። ፈትሌን አውጥቼ መዞር ጀመርኩ። በመጀመሪያው መተንፈሻ ፈትሉ ወደ ውስጥ ተጎነበሰ። በሁለተኛውም እንዲሁ። አምስተኛው ዘንድ ስደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ቀዳዳው ውስጥ በደንብ የተጠቀጠቀ ሰማያዊ ሻርፕ አለ። ለምስማሩ ተጠንቅቄ ለጨርቅ አልተጠነቀቅኩም።

«ኧረ ጋሽየ ተውልኝ!» የሚል ድምፅ ከበላዬ መጣ። ቀና ስል የአባቷ ፈገግታ ያላት ልጅ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ቆማለች። «ነፋሱ ጀርባየን ይዞኛል። አባቴን የፈጀው ይኸው ቀዳዳ አይደል? እናቴ ከነፋስ ተጠበቂ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

ሻርፑን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ፤ ለቅሶ ቤት የፈራሁትን ያህል ፈራሁ። ግን ያኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

«የሺ» አልኩ፣ «አባትሽን የገደለው ነፋስ አይደለም። ነፋሱን ዘግቼ እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስሜን፣ ክዳኑን፣ ምስማሩን፣ ጥላሸቱን፣ ከቁርጥራጩ ሥር የሸጎጥኩትን። አላቋረጠችኝም። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አጎቶቿን ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ። ስጨርስ ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ ታደለ» አለች፣ «ከሰል ቤት ዘግተው ቢያነዱስ? እሱም እንዲሁ ነው?»

«እሱ ይብሳል።»

«እናቴ» አለች። «እናቴ በዚህ ብርድ ጠዋት ጠዋት ከሰሉን አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ትወትፈዋለች። ነፋስ እንዳይገባ። ሰሞኑን ራሴን አመመኝ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጾሙ ነው እላታለሁ።»

ብርጭቆ ወረቀቱን ጥላ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ቤታቸው ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ሩቅ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ የማውቀው በየእርምጃው ያቺ የቀላች ከንፈር ፊቴ ላይ እንደነበረች ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ይዤ ተቀምጬ አሁን ለአንድ ደቂቃ እንዳይረፍድብኝ እየለመንኩ ሮጥኩ።

በሩ ተዘግቷል። ከሥሩ ጨርቅ አለ። የሺ በሁለት እጇ ደበደበችው። «እማየ! እማየ!» መልስ የለም። በትከሻዬ ገፋሁት፤ አልከፈት አለ። እንደገና ልገፋ ወደ ኋላ ስል ከውስጥ የሚጎተት እግር ተሰማ፤ መወርወሪያው ተንኳኳ፣ በሩም ገርበብ አለ። ጥሩወርቅ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ፣ የበሩን መቃን ይዛ፣ በግማሽ ዓይኗ አየችን።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። «ግቡና ዝጉት እንጂ፤ ነፋሱን ታስገቡታላችሁ።»

የሺ አቅፋት ወደ ደጅ፣ ወደ ፀሐይ አወጣቻት። እኔ ገብቼ ምድጃውን በጆሮው ይዤ አወጣሁ፤ ጨርቁን ከበሩ ሥር መዝዤ ጣልኩ፤ መስኮቷን ከፈትኩ። ከዚያ ፈትሌን በሩ ላይ ሰቀልኩትና ወደ ውስጥ እስኪጎነበስ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ጥሩወርቅ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ቀስ በቀስ ነፍሷ ሲመለስ እኔን አወቀችኝ። «ታደለ ነህ? በሩን ዝጋልኝ ወንድሜ» አለች።

«አልዘጋውም ጥሩየ» አልኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ለምን እንደማልዘጋው ልንገርሽ።»